ካቦ፣ ቃጫና ክር፦ ቀላል ገመድ ለጎጃም ሸለቆዎች የሚጠቅመውና የማይጠቅመው

ገመድ ጭነት የሚችለው ሲወጠር ብቻ ነው። ሲገፉት ይታጠፋል፣ ሲጫኑት ይልፈሰፈሳል፤ ሲስቡት ግን በክብደቱ ልክ ከምሰሶም ከአግዳሚም የበለጠ ይሸከማል። ድልድይ ለማንጠልጠል፣ የኤሌክትሪክ መስመር ከተራራ ተራራ ለመዘርጋት፣ ዕቃ ከገደል ለማውጣት እስከ ዛሬ ከገመድ የቀለለ መፍትሔ ያልተገኘው ለዚህ ነው። ችግሩ ግን ገመዱ ጭነቱን ከመሸከሙ በፊት ራሱን መሸከም ያለበት መሆኑ ነው። ርቀቱ በረዘመ ቁጥር የራሱ ክብደት ለጭነት የተተወለትን አቅም እየበላ ይሄዳል። ብርታት ሳይቀንሱ ክብደት መቀነስ የገመድ ሠሪዎች የዘመናት ሥራ ሆኖ የኖረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳዩ በምዕራብ ጎጃም የዕለት ኑሮ ነው። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ቢሆኑም፣ ከመንገዱ ራቅ ያለው ገጠር በብር፣ በፈጣም፣ በተምጫና በገባሮቻቸው የተሸነሸነ ነው። ወንዞቹ በበጋ በእግር ይታለፋሉ። ክረምት ሲገባ ግን በርበሬ የጫነ አህያም፣ ነፍሰ ጡርም፣ ተማሪም እዚያው ማዶ ይቀራል። ከቡሬና ከወንበርማ ወደ ቆላው ሲወረድ ደግሞ ሸለቆው የአባይ ነው። በሌላ በኩል ከጣና በለስ የሚነሳው የ400 ኪሎ ቮልት መስመር በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ሱሉልታ ሲሄድ ይህንኑ አገር ያቋርጣል። ስለዚህ ገመድ እዚህ ሁለት ሥራ አለው፤ ሰው ያሻግራል፣ ኃይል ያሻግራል። ባለፉት ስድሳ ዓመታት በዓለም ላይ በክብደታቸው ልክ ሲመዘኑ ብረትን በአሥር እጥፍና ከዚያ በላይ የሚበልጡ ክሮች ወጥተዋል። ክሮቹ የሰውን ድልድይ የመለወጥ አቅማቸው ከሚወራላቸው ያነሰ፣ የኃይል መስመሩን የመለወጥ አቅማቸው ደግሞ ከሚታወቅላቸው የበለጠ ነው።

የጎጃም ገበሬ ገመዱን ከቆዳና ከተክል ሲያበጅ ኖሯል። ምራን ቀንበርን ከሞፈር ያስራል፤ ጠፍር ለአልጋ ይሆናል፤ መጫኛ የአህያን ጭነት ያጠብቃል፤ ልጥ የጎጆን ማገር ይይዛል። የበሬ ቆዳ ከዳር ተጀምሮ እየዞረ እስከ መሃል ስለሚቀደድ፣ ከአንድ ቆዳ ያልተቋረጠ ረጅም ጠፍር ይወጣል። ቆዳ ሲርስ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። እርጥብ ሆኖ የታሰረ ምራን ሲደርቅ እንደ ብረት የሚጠብቀው ለዚህ ነው፤ ወንዝ ላይ ተዘርግቶ ዝናብ የሚመታው የቆዳ ገመድ የማያስተማምነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ገመድ የመሥራት ጥበብ ግን ቁልጭ ብሎ የሚታየው በቃጫ ላይ ነው። የአንድ የቃጫ ጭረት ርዝመት ከአንድ ሜትር ብዙም አይዘልም፤ ከእሱ ግን መቶ ሜትር ገመድ ይወጣል። ጭረቶቹ በአንድ አቅጣጫ ተፈትለው ክር ይሆናሉ፤ ክሮቹ በተቃራኒው አቅጣጫ ተከርረው ጉንጉን ይሆናሉ፤ ሦስት ወይም አራት ጉንጉኖች እንደገና በተቃራኒው ተገምደው ገመድ ይሆናሉ። አንዱ ክርር ሊፈታ ሲል ሌላውን ስለሚያጠብቅ ገመዱ በራሱ ተቆልፎ ይቀመጣል። ሲሳብ ደግሞ ጭረቶቹ ወደ መሃል ይጨመቃሉ፤ መፋተጋቸውም አንዱን ከሌላው ጋር ያስይዛል። ይህ ግን ያለ ዋጋ አይገኝም። የተከረረ ጭረት በውጥረቱ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ስለማይተኛ ከብርታቱ የተወሰነው በክርሩ ይባክናል። የሚበረታ ክርር ገመዱን ያያይዘዋል፣ ያደክመዋልም፤ የላላ ክርር ያበረታዋል፣ ግን ያበታትነዋል። የማንኛውም ገመድ ንድፍ፣ የአረብ ብረቱም ቢሆን፣ የሚጀምረው ከዚህ ሚዛን ነው።

ይኸው ሥርዓት ወደ ብረት የተሻገረው እ.ኤ.አ. በ1834 ነው። በጀርመን ሃርዝ ተራሮች፣ ክላውስታል በሚባለው የማዕድን ከተማ፣ ቪልሄልም አልበርት የተባለ የማዕድን ኃላፊ ከጉድጓድ ማዕድን የሚያወጡት ሰንሰለቶች መበጠስ ሲያስቸግረው፣ አራት አራት ሽቦ የያዙ ሦስት ጉንጉኖችን በእጅ አስገምዶ የመጀመሪያውን ተግባራዊ ካቦ፣ ማለትም የሽቦ ገመድ፣ ሠራ። ሰንሰለት አንድ ቀለበቱ ከተሰበረ አለቀለት። በካቦ ግን አንድ ሽቦ ሲበጠስ ጎረቤቶቹ ድርሻውን ይወስዳሉ፤ የተበጠሰውም ሽቦ ትንሽ ራቅ ብሎ በመፋተግ እንደገና ተይዞ መሸከሙን ይቀጥላል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1841፣ ጀርመን ተወልዶ አሜሪካ የገባው ጆን ሮብሊንግ በፔንስልቬንያ ካቦ መሥራት ጀመረ። እሱ ነድፎት ከሞተ በኋላ በልጁና በምራቱ ጥረት በ1883 የተከፈተው የኒው ዮርኩ ብሩክሊን ድልድይም በብረት ሽቦ ተንጠልጥሎ እስከ ዛሬ አለ።

የዛሬው ካቦ የሚጀምረው 5.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ካለውና ከመቶ ከ0.7 እስከ 0.9 ካርቦን ከያዘ የብረት ዘንግ ነው። ዘንጉ ከጋለ በኋላ፣ በተለመደው ዘዴ፣ በቀለጠ እርሳስ ውስጥ ያልፋል፤ ይህ የብረቱን ውስጣዊ ቅንብር አድቅቆ ለመሳብ ያመቸዋል። ከዚያ ሳይሞቅ፣ እየጠበቡ በሚሄዱ ቀዳዳዎች እየተሳበ ያልፋል። በተሳበ ቁጥር ይቀጥናል፣ ይጠነክራል። ተራ የግንባታ ፌሮ በካሬ ሚሊ ሜትር ከ400 እስከ 500 ኒውተን ሲደርስበት መለጠጥ ይጀምራል፤ የካቦ ሽቦ ግን ሳይበጠስ 1770 ኒውተን ይችላል። ሽቦው ዚንክ ከተቀባ በኋላ በሚሽከረከር ማሽን ይገመዳል። የተለመደው አሠራር እያንዳንዱ 19 ሽቦ የያዘ ስድስት ጉንጉን በአንድ እምብርት ዙሪያ መጠምጠም ነው። የብዙ ክሬኖችና ሊፍቶች ካቦ እምብርቱ እስከ አሁን በቅባት የተነከረ ቃጫ ነው። ቃጫው ጉንጉኖቹን በቦታቸው ይይዛል፤ ካቦው በታጠፈ ቁጥር ቅባቱን ያጠጣቸዋል። ለድልድይ ግን ቃጫ እምብርት አይመረጥም፤ በጊዜ ብዛት ይጨመቃል፣ ውኃም ይይዛል። ስለዚህ እምብርቱም ራሱ የብረት ጉንጉን ይሆናል።

የገመዶችን ቅለት ለማነጻጸር መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት አንድ ቀላል መለኪያ አለ፤ አንድ ክር ቁልቁል ቢንጠለጠል በስንት ኪሎ ሜትር ርዝመት በራሱ ክብደት ይበጠሳል? የ1770 ደረጃ ሽቦ 23 ኪሎ ሜትር ላይ ይበጠሳል። የቃጫ ጭረት፣ ምንም እንኳ የጥራቱ ልዩነት ሰፊ ቢሆን፣ 30 ኪሎ ሜትርን ማለፍ ይችላል። በክብደት ልክ ሲታይ ጥሩ ቃጫ ከአረብ ብረት አያንስም ማለት ነው፤ ይህን የሚገምት ሰው ብዙ አይደለም። ናይለን ወደ 80 ኪሎ ሜትር፣ አራሚድ ከ200 በላይ፣ እጅግ የረዘመ ሰንሰለት ያለው ፖሊኤቲሊን ደግሞ ከ300 በላይ ይደርሳሉ።

እነዚህ ክሮች የአንድ ምዕተ ዓመት እንኳ ዕድሜ የላቸውም። ናይለንን ዋላስ ካሮዘርስ በዱፖንት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1935 ሠራ። በዚያው ኩባንያ ስቴፋኒ ኮሌክ በ1965 ያገኘችው አራሚድ ኬቭላር በሚል የንግድ ስም ታወቀ። ፖሊኤቲሊኑ የመጣው ከኔዘርላንድ ነው፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ የዲኤስኤም ኩባንያ ተመራማሪዎች ዳይኒማ ተብሎ የተሸጠውን ክር የሚያወጣውን ዘዴ ደረሱበት። ጥሬ ዕቃው የፌስታልና የጄሪካን ዘመድ ነው። በፌስታል ውስጥ ሰንሰለት መሰል ሞለኪውሎቹ የተጠላለፉ ናቸው፤ እነሱን በፈሳሽ አላልቶ፣ እንደ ጄል አውጥቶና ብዙ እጥፍ ስቦ አንድ አቅጣጫ ሲያሲዟቸው ግን ደካማው ፕላስቲክ ከአረብ ብረት ይበረታል። ካቦና የዚህ ክር ገመድ በ12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ የካቦው መቶ ሜትር 52 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ከስምንት ቶን በላይም ይችላል። የክሩ ገመድ መቶ ሜትሩ ከ8 እስከ 9 ኪሎ ግራም ብቻ ሆኖ ከ12 ቶን በላይ ይሸከማል። በውኃ ላይም ይንሳፈፋል።

ከእንዲህ ያለው ቁጥር በመነሣት ለገጠር ድልድይ ካቦን በክር መተካት የማይቀር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ድልድዩን ራሱን ማየት ያስፈልጋል።

በጎጃምና በደቡብ ጎንደር መካከል፣ ከሞጣ ወዲያ፣ በአባይ ላይ የተሠራው ሰባራ ድልድይ የፋሲለደስ ዘመን የድንጋይ ሥራ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች መሃሉን ካፈረሱት በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ሰው የሚሻገረው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በግራና በቀኝ በቆሙ ጎበዞች እየተጎተተ ነበር። ይህን የሚያሳይ የናሽናል ጂኦግራፊክ ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ያየው አሜሪካዊው የግንባታ ባለሙያ ኬን ፍራንዝ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ የመጀመሪያ ሥራውም ይኸው ድልድይ ሆነ። በተሰበረው ቅስት ላይ የተቀመጠውን የብረት መሻገሪያ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎርፍ ወሰደው። በኋላ በስፍራው የተመረጠው ከወንዙ ከፍ ብሎ የሚንጠለጠል የካቦ ድልድይ ነው። ሄልቬታስ የተባለው የስዊዘርላንድ ድርጅትም በኔፓል ተራሮች በሺዎች የተሠራውን የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ አሠራር ወደ አማራ ክልልና ወደ ሌሎች የኢትዮጵያ ክፍሎች አምጥቷል። ሁለቱም የሚመርጡት ዓይነት ቀላል ነው፤ ምሰሶ እምብዛም የለውም፤ መረማመጃው ራሱ ወደ ታች በረገቡት ካቦዎች ላይ ይተኛል።

የ80 ሜትር ሸለቆ፣ የአንድ ሜትር መረማመጃ እንደ ምሳሌ ይወሰድ። የድልድዩ ክብደት ከነመረማመጃውና ከነመረቡ በሜትር 100 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል፤ በሰውና በከብት ሲሞላ የሚታሰበው ጭነት ደግሞ በሜትር 360 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። በካቦዎቹ ላይ የሚመጣው ውጥረት የሚገኘው የሜትሩን ጭነት በርቀቱ ካሬ አባዝቶ፣ ካቦው መሃል ላይ የሚረግብበትን በስምንት ያባዙትን በማካፈል ነው። እርግበቱ 4 ሜትር ከሆነ ውጥረቱ 92 ቶን ይመጣል። ድልድዩ ቀጥ ብሎ እንዲያምር ተብሎ እርግበቱ ወደ 2 ሜትር ቢቀነስ ውጥረቱ ዕጥፍ ይሆናል፤ የካቦውም፣ ጫፎቹን ከዳርና ከዳር የሚይዘው የመልሕቁም ወጪ አብሮ ይጨምራል። የገጠር ድልድዮች መሃላቸው ጎድጎድ የሚለው ሠሪው አቅቶት አይደለም። የደኅንነት መጠኑን ሦስት እጥፍ አድርጎ አራት ባለ 32 ሚሊ ሜትር ካቦ ከእግር በታች፣ ሁለት ባለ 26 ሚሊ ሜትር ካቦ ለእጅ መደገፊያ ማድረግ ይህን ይችላል።

የስድስቱም ካቦዎች ክብደት በሜትር ተደምሮ 22 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ከጠቅላላው 460 ኪሎ ግራም ከመቶ አምስት አይሞላም። ካቦዎቹ በሙሉ በክር ገመድ ቢተኩ ውጥረቱ የሚቀንሰው በመቶ አራት ገደማ ነው። በ80 ሜትር ድልድይ ላይ ከባዱ ነገር ሰዉ፣ ከብቱና መረማመጃው ነው። የካቦ ክብደት ወሳኝ የሚሆነው ርቀቱ ወደ ሺህ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሄድ ነው፤ የብርና የፈጣም ገባሮችን ይህ አይመለከታቸውም።

ካቦ በእርግጥ የሚከብደው በመጓጓዣ ጊዜ ነው። ከመልሕቅ እስከ መልሕቅ 110 ሜትር የሚሆን ባለ 32 ሚሊ ሜትር ካቦ 450 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ዋና ካቦ ደግሞ ተቆርጦ አይቀጠልም። መኪና ከማይደርስበት ዳገት ቁልቁል የሚወርደው በሰው ትከሻ ነው። ካቦው ይዘረጋል፤ ሃያ ሠላሳ ሰው ተሰልፎ በየትከሻው ላይ እየጠመዘዘ ይይዘዋል፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ ይነሣል፣ በአንድ ድምፅ ያርፋል። መንገዱ ላይ መታጠፊያ ሲመጣ የፊተኛው ሲወርድ የኋለኛው ገና ዳገት ላይ ስለሆነ መጎተቱ አደገኛ ነው። ያንኑ ያህል የሚችል የክር ገመድ አንድ በቅሎ ጭኖት ይወርዳል። ማማለሉ እውነት ነው፤ ግን ጥቅሙ የአንድ ቀን ነው። ድልድዩ ደግሞ ሠላሳ ዓመትና ከዚያ በላይ እንዲቆም ይጠበቃል።

በእነዚያ ዓመታት የክሩ ድክመቶች አንድ በአንድ ይወጣሉ። ዋነኛው ቀስ ብሎ መርዘሙ ነው። ፖሊኤቲሊን ያለ ዕረፍት ሲወጠር ለዓመታት በጥቂት በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ሙቀት ሲጨምር ፍጥነቱም ይጨምራል። በምሳሌው ድልድይ ላይ የካቦው ርዝመት 40 ሳንቲ ሜትር፣ ከመቶ ግማሽ ማለት ነው፣ ቢጨምር መሃሉ ከ4 ሜትር ወደ 5.3 ሜትር ይረግባል። ጎርፍ እንዳይነካው ተብሎ ከተተወለት ከፍታ ከአንድ ሜትር በላይ ሄደ ማለት ነው። የሰባራ ድልድይ መሻገሪያ ዕጣ የሚያሳየውም በአባይ ላይ ከፍታ ቅንጦት አለመሆኑን ነው። አራሚድ እንዲህ ያለው መለጠጥ ያንሰዋል፤ ነገር ግን የፀሐይ ጨረር ይጎዳዋል፣ ሲታጠፍና ሲጨመቅም ይሰበራል። ደጋው ላይ፣ ከባሕር ወለል ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ቦታ፣ ጨረሩ ከቆላ ይበረታል። እሳትም አለ። ፖሊኤቲሊን 150 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል፤ በበጋ የማሳ ገለባና ሣር በሚቃጠልበት አገር መልሕቅ ሥር የደረሰ እሳት ካቦን ሲያጠቁረው፣ ክርን ይጨርሰዋል። ሌላም አለ፤ ካቦ ለመጫኛ አይሆንም፣ ጥሩ የክር ገመድ ግን ለመጫኛም ለድንኳንም ይሆናል። ጠባቂ የሌለው ገመድ ሳይቆረጥ ስንት ክረምት እንደሚያልፍ መገመት አይከብድም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጫፍ ጉዳይ ነው። ገመድ የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ ከመሃሉ ሳይሆን ከታሰረበት ቦታ ነው። ፖሊኤቲሊን አሙለጭላጭ ስለሆነ ተራ ቋጠሮ አይዘውም፤ ከያዘውም ከግማሽ በላይ ብርታቱን ሊያሳጣው ይችላል። ትክክለኛው መንገድ የገመዱን ጫፍ መልሶ ወደ ራሱ ሆድ በረጅሙ ቀብሮ መጎንጎን ነው፤ ይህ የመርከበኛ ሙያ ነው። ካቦ በአንጻሩ በሞርሴቶ፣ በቡሎን በሚጠብቅ መያዣ፣ ይታሰራል። ካቦው በብረት ቀለበት ዙሪያ ዞሮ ይመለስና ሁለቱ ጎኖች ጎን ለጎን ይያዛሉ፤ የሞርሴቶው ኮርቻ የሚሸከመው ረጅም ካቦ ላይ፣ ቡሎኑ ደግሞ በማይሸከመው አጭር ጫፍ ላይ መዋል አለበት። በተገላቢጦሽ ከታሰረ ቡሎኑ የሚሸከመውን ካቦ ይጨፈልቀዋል። በሞርሴቶዎቹ መካከል የካቦውን ውፍረት ስድስት እጥፍ ያህል ርቀት ይተዋል፤ ለ26 ሚሊ ሜትር ካቦ 16 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጭነት ሲያርፍበት ካቦው ስለሚቀጥን ዳዶዎቹ ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደገና መጥበቅ አለባቸው። በደንብ የታሰረ ሞርሴቶ የካቦውን ብርታት 80 በመቶ ያህል ይጠብቃል። ይህን ሁሉ የቀበሌ ወጣት በአንድ ቀን ተምሮ፣ በአንድ መፍቻ ይሠራዋል፤ የተገላበጠ ሞርሴቶም ከሩቅ በዓይን ይለያል።

ቁጥጥሩም እንዲሁ ነው። ያረጀ ካቦ ከመበጠሱ በፊት ያስጠነቅቃል፤ ሽቦዎቹ አንድ በአንድ ይሰበራሉ፣ ጫፋቸውም ወደ ውጭ ይወጣል። አሮጌ ጨርቅ በካቦው ላይ ሲጎተት የተሰበረው ሽቦ ይይዘዋል። ዝገት በቀለሙ ይታያል፤ ይበልጥ የሚፈራውም አፈርና ውኃ በሚገናኙበት መልሕቅ አጠገብ ነው። የክር ገመድ ጠጉር ሲያበቅል ይታያል እንጂ ውስጡ ምን ያህል እንደተጎዳ ከውጭ ለማወቅ ያስቸግራል። ሀብታሞቹ አገሮችም ቢሆኑ በዚህ ጉዳይ አልተጣደፉም። በስኮትላንድ አበርፌልዲ እ.ኤ.አ. በ1992 የተሠራው የእግረኛ ድልድይ በአራሚድ ገመዶች፣ በስዊዘርላንድ ቪንተርቱር በ1996 የተሠራው የሽቶርክ ድልድይ ደግሞ ከካቦዎቹ በሁለቱ በካርቦን ክር ቆመዋል። ሠላሳ ዓመት ያህል የቆየው ሙከራ ጥሩ ቢመሰክርላቸውም በዙሪያቸው የሚሠሩት ድልድዮች የብረት ናቸው። ለጎጃም ገጠር የተሻለው መንገድ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተከተለው ይመስላል፤ ከወደብ ክሬኖች የወረዱ፣ ለክሬን ያረጁ ለእግረኛ ድልድይ ግን ገና ብዙ የሚችሉ ካቦዎችን መርምሮ መጠቀም።

ክር በድልድይ ሥራ ውስጥ ጨርሶ ቦታ የለውም ማለት ግን ስሕተት ነው። የመጀመሪያው መሻገሪያ ዘወትር የክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 የናያጋራ ድልድይ ሲጀመር የመጀመሪያውን ሲባጎ ገደሉን ያሻገረው አንድ ልጅ ያበረረው ካይት ነበር። በኢትዮጵያ ሸለቆዎችም ሥርዓቱ ያው ነው፤ ቀጭን የናይለን ገመድ በዋናተኛ ወይም ተወርውሮ ይሻገራል፤ እሱ ወፈር ያለውን ይስባል፤ ወፍራሙ ካቦውን ይስባል፤ ካቦው በቲርፎር፣ በእጅ በሚሠራ መጎተቻ፣ ይወጠራል። ለዚህ ሥራ ቀላልና የሚንሳፈፍ ገመድ ከካቦ በብዙ ይሻላል፤ መርዘሙም ፀሐዩም አያሳስብም፣ ሥራው ሲያልቅ ተጠቅልሎ ይሄዳልና። በባሕር ላይም ሚዛኑ ወደ ክር ያጋደላል። የብራዚሉ ፔትሮብራስ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከጥልቅ ባሕር በላይ የሚንሳፈፉ የነዳጅ መድረኮቹን በፖሊስተር ገመድ ማሰር የጀመረው፣ በዚያ ጥልቀት የብረት ካቦና ሰንሰለት በራሱ ክብደት መድረኩን ወደ ታች ስለሚጎትት ነው።

በታላላቆቹ የአባይ ድልድዮች ላይ ደግሞ ብረትና ሰው ሠራሽ ነገር ሥራ ተከፋፍለዋል። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል በጃፓን ዕርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተከፈተው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ፣ እንዲሁም በ2016 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀው 380 ሜትሩ የባሕር ዳር አዲሱ የአባይ ድልድይ፣ አጠር ባሉ ምሰሶዎች ላይ በታሰሩ ካቦዎች ይደገፋሉ። እንዲህ ባለው ሥራ የሚለመደው ካቦ ሰባት ሽቦ የያዙ፣ 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያላቸው ጉንጉኖች ጥቅል ነው፤ አንዱ ጉንጉን ከ26 ቶን በላይ ይችላል። ሸክሙ ሙሉ በሙሉ የብረት ነው፤ ፕላስቲኩ ልባስ ሆኖ ውኃና አየር ያግዳል። ፕላስቲክ ሳይበሰብስ መኖሩ በቆሻሻ ማከማቻ የሚጠላበት ባሕርይ ቢሆንም እዚህ ጥቅም ሆኗል።

የኃይል መስመሩ ነገር ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። የሚዘረጋው ሽቦ ሰው አይሄድበትም፤ ከነፋስ በቀር የሚሸከመው ዋና ጭነት የገዛ ክብደቱ ነው። በእግረኛ ድልድይ ላይ ከመቶ አምስት የነበረው የገመድ ክብደት እዚህ ሁሉ ነገር ይሆናል። በአገሪቱ የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሮች ላይ በብዛት ያለው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተፈለሰፈው ቅልቅል ነው፤ መሃሉ የአረብ ብረት፣ ዙሪያው አሉሚኒየም። አሉሚኒየሙ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ብረቱ ይሸከማል። በሰፊው የሚታወቀው አንዱ ዓይነት በ7 የብረት ሽቦ ዙሪያ 26 የአሉሚኒየም ሽቦ ይዞ፣ ውፍረቱ 28 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ በሜትር 1.6 ኪሎ ግራም ነው፤ 14 ቶን ያህልም ይችላል።

በ400 ሜትር ርቀት በቆሙ ሁለት ማማዎች መካከል እንዲህ ያለው ሽቦ 11 ሜትር ገደማ ይረግባል። ብዙ ኃይል ሲያልፍበት ይሞቃል፣ ይረዝማል፤ ከ20 ወደ 75 ዲግሪ ሲደርስ ሁለት ሜትር ያህል ተጨማሪ ይወርዳል። አንድ መስመር የሚያስተላልፈው ኃይል ጣሪያው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ሽቦው ከመቃጠሉ በፊት ወደ መሬት፣ ወደ ዛፍ፣ ወደ ቤት ጣሪያ ይቀርባል። በደጋው ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨመራል። አየሩ ስስ ስለሆነ ሽቦውን የማቀዝቀዝም ኤሌክትሪክን የማገድም አቅሙ ያንሳል፤ በሽቦው ዙሪያ የሚፈጠረውን የኃይል ፍሳሽ ለመቀነስ ወፍራም ሽቦ ወይም በጥንድና ከዚያ በላይ የተያያዙ ሽቦዎች ያስፈልጋሉ። ይህም ለማማው ተጨማሪ ክብደት ነው።

ክር ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በገበያ ላይ ያለው አዲስ ሽቦ የብረቱን መሃል አውጥቶ በሙጫ የተያያዘ የካርቦንና የመስታወት ክር ዘንግ አስገብቷል። ዘንጉ ከብረቱ የቀለለና የበረታ ነው። በሙቀት የሚረዝመው የብረትን አንድ ሰባተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ መስመሩ ቢሞቅም እንዳለ ይቆያል። ቅጥነቱም ጠቃሚ ነው፤ ባዶ የቀረውን ቦታ ጎናቸው ጠፍጣፋ ሆነው እርስ በርስ የሚገጣጠሙ የአሉሚኒየም ሽቦዎች ይሞሉታል። በዚያው 28 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ክብደት ሳይጨምር፣ ሩብ ያህል ተጨማሪ አሉሚኒየም ይገባል። በተመሳሳይ ጭነት በመንገድ የሚባክነው ኃይል አንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል፤ በጭንቅ ሰዓት ደግሞ መስመሩ ሳይረግብ ከቀድሞው ወደ ዕጥፍ የሚጠጋ ኃይል ሊያሳልፍ ይችላል። በድልድይ ላይ ክርን ያስነቀፉት ነገሮች እዚህ አይነሡም፤ ዘንጉ በአሉሚኒየም ስለተሸፈነ ፀሐይ አያገኘውም፣ ቢላ አይደርስበትም፣ የማሳ እሳትም ከታች ይቀራል።

ኢትዮጵያ ለዚህ ጉዳይ ሩቅ አይደለችም። 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ በ500 ኪሎ ቮልት መስመር በደዴሳ በኩል ከሆለታ ይገናኛል፣ በ400 ኪሎ ቮልትም ከበለስ። ማመንጫው ሲያድግ ጥበቱ ወደ ማስተላለፊያው ይዞራል። ለአዲስ መስመር ባዶ ሜዳ ላይ አዲሱ ሽቦ የግድ አያዋጣም፤ ዋጋው ከተለመደው በሁለትና በሦስት እጥፍ ስለሚበልጥ ማማን አጠጋግቶ የተለመደውን መዘርጋት ሊሻል ይችላል። የሚያዋጣው ማማው ቀድሞ በቆመበት፣ ከሥሩ ሰፈር በተሠራበትና ለሌላ መስመር መሬት በማይገኝበት ቦታ ነው። ሰፊ ሸለቆ በአንድ ዝላይ የሚታለፍበት ቦታም አንዱ ነው። ከዚህ አንጻር ቡሬን የመሰሉ፣ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና የዘይት ፋብሪካ ያረፈባቸው፣ የኃይል ፍላጎታቸው ከመስመሩ ቀድሞ የሚሮጥ ከተሞች ከአዲስ አበባ ዙሪያ ቀጥሎ ሊታሰቡ ይገባል።

ጥንቃቄው በዘርጊው እጅ ላይ ነው። ብረት ቢታጠፍ ይቃናል፤ የካርቦኑ ዘንግ ከተወሰነ ክብ በጠበበ መታጠፊያ ከታጠፈ በአሉሚኒየሙ ውስጥ ሳይታይ ይሰነጠቃል፣ ከወራት በኋላም በነፋስ ሊበጠስ ይችላል። ስለዚህ ሽቦው መሬት ሳይነካ፣ በሰፋፊ መዘውሮች ላይ፣ በማሽን ተይዞ እየተወጠረ ይሳባል። እንደ ድሮው በሰው ጉልበት ማሳ ለማሳ ተጎትቶ፣ ድንጋይ ላይ ተጣጥፎ አይዘረጋም። ማያያዣውም የተለየ ነው፤ ዘንጉ ሳይጨፈለቅ እንደ ሽብልቅ በሚጠብቅ መያዣ ይያዛል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ አሉሚኒየሙ በውጭ እጅጌ ይጨመቃል። የተለመደውን መጭመቂያ በዘንጉ ላይ ያሳረፈ ሠራተኛ ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል እንጂ የሚበጠስበትን ቦታ ነው ያዘጋጀው። አሉሚኒየም ሽቦ መሳብና መጎንጎን በአገር ውስጥ ፋብሪካዎች የሚቻል ሥራ ነው፤ ዘንጉ ግን ለጊዜው ከውጭ የሚመጣ ነው። የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ሲገዙም ከሽቦው ጋር መያዣዎቹ፣ መዘውሮቹና የዘርጊዎቹ ሥልጠና በአንድ ውል ውስጥ መካተት ይኖርባቸዋል።